ወፍ የማይመስለው ወፍ፦ የብራንኩሺ ቅርጾች፣ ሐሳባቸውና ያላለቀው ክርክር

በጁላይ 2024 ዩኔስኮ ኒው ዴልሂ ላይ ባካሄደው ስብሰባ፣ በሮማኒያዋ ቲርጉ ዢው ከተማ የሚገኙ የቅርጻ ቅርጽ ሥራዎችን በዓለም ቅርስነት መዝግቧል። ዋና ዋናዎቹ ሦስት ናቸው፦ አንድ ክብ የድንጋይ ጠረጴዛ፣ አንድ የድንጋይ በር፣ አንድ ወደ ሰማይ የተዘረጋ የብረት ዓምድ። የሠራቸው ሮማኒያዊው ቀራጺ ኮንስታንቲን ብራንኩሺ ነው። 2026 ደግሞ የተወለደበት 150ኛ ዓመት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የብራንኩሺ ስም በተነሳ ቁጥር አብሮት የሚነሳ ክርክር አለ። «ወፍ» ብሎ የሰየመው ሥራው ክንፍ የለውም፣ ላባ የለውም፣ እግርም የለውም። ቀጥ ብሎ የቆመ የሚያብረቀርቅ ነሐስ ነው። ፎቶውን ያየ ሰው «ይሄ ምኑ ነው ወፍ?» ቢል አይፈረድበትም። በሚሊዮን ዶላሮች መሸጡን ሲሰማ ደግሞ ጥርጣሬው ወደ ንዴት ይለወጣል። አንዱ «ሰው እያሞኙ ነው» ይላል። ሌላው «ጥበብ አይገባህም» ብሎ ይመልስለታል። በዚህ መልኩ የተጀመረ ወሬ የትም አይደርስም።

ጥያቄው ግን ቁም ነገር አለው። ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ፣ ምስክር ተቆጥሮበት፣ ፍርድ ተሰጥቶበታል። ብራንኩሺ ምን ለመሥራት እንደፈለገ፣ ሐሳቡን ከየት እንዳገኘው፣ ሕግና ገንዘብ ደግሞ ሥራዎቹን እንዴት እንዳስተናገዷቸው በቅደም ተከተል ብናይ ብዙው ነገር ይጠራል።

የገበሬው ልጅ

ብራንኩሺ በፌብሩዋሪ 19፣ 1876 በካርፓቲያን ተራሮች ግርጌ በምትገኘው ሆቢጻ መንደር ተወለደ። ቤተሰቡ ገበሬ ነበር። እሱም ልጅ ሆኖ በግ ጠብቋል። አካባቢው በእንጨት ሥራ የታወቀ ነው። የቤቱ ምሰሶ፣ የግቢው በር፣ መቃብር ላይ የሚተከለው እንጨት ሳይቀር በጥርብ ያጌጠ ነበር። ገና በልጅነቱ ከቤት ወጥቶ በክራዮቫ ከተማ እየተቀጠረ ሠራ። እዚያው የእጅ ጥበብ ትምህርት ቤት ገባ፤ ከዚያም ቡካሬስት ሄዶ ሥነ ጥበብ ተማረ።

ተማሪ እያለ ከአናቶሚ መምህሩ ከዶክተር ዲሚትሪ ጌሮታ ጋር ሆኖ ቆዳው የተገፈፈ ሰው ቅርጽ ሠርቷል። ጡንቻው፣ ጅማቱ፣ የአጥንቱ መገጣጠሚያ አንድ በአንድ የሚታይበት፣ ለማስተማሪያ የዋለ ሥራ ነው። ይህን ማወቅ ይጠቅማል። «ሰውና እንስሳ አስመስሎ መሥራት ስላቃተው ነው ያቀለለው» የሚለው አስተያየት በዚህ ሥራ ፊት አይቆምም። ይችል ነበር። ትቶት ነው።

በ1904 ፓሪስ ገባ። ረጅሙን መንገድ በአብዛኛው በእግሩ እንደተጓዘ ይነገራል። በ1907 የዘመኑ ትልቅ ቀራጺ የነበረው ኦጉስት ሮዳን ዘንድ ረዳት ሆኖ ተቀጠረ። ለሌላ ሰው ይህ የዕድሜ ልክ እንጀራ ነበር። ብራንኩሺ ግን ብዙም ሳይቆይ ለቀቀ። «ከትልቅ ዛፍ ሥር ምንም አይበቅልም» ማለቱ እስከ ዛሬ ይጠቀስለታል።

መሮው በቀጥታ ድንጋዩ ላይ

ከሮዳን የተለየበት ምክንያት ኩርፊያ አይደለም፤ የአሠራር ልዩነት ነው። በዚያ ዘመን በትልልቅ ስቱዲዮዎች ቀራጺው ሥራውን በጭቃ ይሠራል። ጭቃው በጀሶ ይገለበጣል። ከዚያ ረዳቶች የመለኪያ መሣሪያ ይዘው የጀሶውን ነጥብ ሁሉ ወደ እብነ በረድ ያሻግራሉ። ድንጋዩን የሚጠርበው ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው ነው። ስለዚህ ያለቀው እብነ በረድ በጭቃ የታሰበ ነገር ቅጂ ይሆናል።

ብራንኩሺ «ቀጥተኛ ቀረጻ» የሚባለውን መንገድ መረጠ። የጭቃ ሞዴል የለም። ቀራጺው መሮና መዶሻ ይዞ ራሱ ድንጋዩን ይጠርባል። ድንጋዩ ጠንካራ በሆነበት፣ ጅማት ባለበት፣ ሊሰነጠቅ በሚችልበት ቦታ ሁሉ ውሳኔ ያስፈልጋል። ቅርጹ የሚወለደው ከዚህ ግብግብ ነው።

የመጀመሪያው ትልቅ ውጤት በ1907 እና 1908 መካከል የሠራው «መሳም» ነው። ሮዳንም በዚሁ ስም የታወቀ ሥራ አለው፤ የሁለቱ አካላት ሥጋ፣ ጀርባና ጉልበት ሕይወት ያለው እስኪመስል የተሠራ ነው። የብራንኩሺው አንድ ጥርብ ድንጋይ ነው። አራት ማዕዘንነቱ አልጠፋም። ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ተጣብቀዋል። ክንዶቻቸው እንደ ገመድ በድንጋዩ ዙሪያ ተጠምጥመዋል። የአንዱ ዓይን ከሌላው ዓይን ጋር ገጥሞ ከጎን ሲታይ አንድ ዓይን ይመስላል። በመካከላቸው ያለው መስመር ስስ ጭረት ብቻ ነው። የሁለቱን አንድ መሆን የሚናገረው የድንጋዩ አለመከፈል ነው። ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

በወፏ ላይ የተቀነሰው ምንድን ነው?

ወደ ወፎቹ እንምጣ። ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነውና ረጋ ብለን እንየው።

መነሻዋ «ማያስትራ» ትባላለች። በሮማኒያ ተረት ውስጥ የምትገኝ ባለ ወርቅ ላባ ተአምረኛ ወፍ ናት። ብራንኩሺ በ1910 አካባቢ ሲሠራት እግር አላት፣ ደረቷ ወጣ ብሏል፣ አንገቷ ወደ ላይ ተስቧል፣ አፏም ተከፍቷል። ማንም ሰው ወፍ ናት ይላታል። በ1919 «ወርቃማ ወፍ» የተባለው ሥራ መጣ። እዚህ እግሩ ከሰውነቱ ጋር ተዋህዷል፤ አንገቱና ራሱም ለብቻቸው አይታዩም። ከ1923 ጀምሮ ደግሞ «ወፍ በጠፈር» የሚባለው ተከታታይ ሥራ ተወለደ።

በዚህኛው ላይ ከታች ጠባብ እግር የመሰለ ነገር አለ። ከሱ በላይ ወገቡ በጣም ይቀጥናል። ቀጥሎ ገላው ቀስ ብሎ እየሰፋ ይወጣና እንደገና ይሾላል። ጫፉ ላይ በሰያፍ የተቆረጠች ትንሽ ገጽ አለች። ከማያስትራ የተከፈተ አፍ የቀረችው እሷ ብቻ ናት። ነሐሱ መስታወት እስኪመስል ተወልውሏል። ክፍሉ ውስጥ ያለው ብርሃን ሲያርፍበት ጠርዙ የት እንደሚያልቅ ለዓይን ያስቸግራል። ብረቱ ከባድ ነው፤ የሚታየው ግን ክብደት የሌለው ነገር ነው።

ብራንኩሺ ዕድሜውን ሙሉ የፈለገው የበረራን ምንነት እንደሆነ ተናግሯል። ወፍን ከሌላው ፍጡር የሚለያት መነሳቷ ነው። ላባዋን አንድ በአንድ ቢቀርጽ የተቀረጸው ላባ ይሆናል፤ በረራው ግን ያመልጣል። ስለዚህ በየደረጃው ከበረራ ጋር የማይሄደውን ሁሉ ቀነሰ። ይህን መንገድ ነው «አብስትራክት» የሚሉት፤ ማለትም የነገሩን መልክ ከመቅዳት ይልቅ አንድ ባሕርይውን ነጥሎ ማውጣት። የሚገርመው ብራንኩሺ ራሱ ቃሉን አይወደውም ነበር። ለሱ እውነተኛው ነገር የውጭው መልክ ሳይሆን ውስጡ ያለው ምንነት ነው። ስለዚህ ሥራዬ ከማንም ሥራ በላይ ለእውነታ የቀረበ ነው ባይ ነው።

ሐሳቡ ከየት መጣ?

በዚህ ላይ ተመራማሪዎች አይስማሙም። ሦስት ምንጮች በተደጋጋሚ ይጠቀሳሉ።

አንደኛው መንፈሳዊው ነው። ብራንኩሺ ኦርቶዶክስ ነበር። ወጣት ሆኖ በቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ ዘምሯል፤ ፓሪስም ሄዶ በሮማኒያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን አገልግሏል። ከዚያ ውጭ የቲቤቱን መነኩሴና ባለቅኔ የሚላሬፓን የሕይወት ታሪክ አጥብቆ ይወድ ነበር። ነገሮች ከሚታየው መልካቸው በላይ ዘላለማዊ አምሳያ አላቸው የሚለውን የፕላቶ ሐሳብም ብዙዎች ከሥራው ጋር ያያይዙታል። በኔ ግምት ይህን ሁሉ ማብዛት አይጠቅምም። እሱ ፈላስፋ አልነበረም፤ እነዚህ ሐሳቦች እጁ አስቀድሞ የጀመረውን ነገር አጸኑለት ማለት ይሻላል።

ሁለተኛው የመንደሩ የእንጨት ጥበብ ነው። ታዋቂውን «ማለቂያ የሌለው ዓምድ» ያየ ሰው ከሮማኒያ የገጠር ቤቶች በረንዳ ምሰሶ ጋር ያለውን ዝምድና ወዲያው ያያል። አንድ ቅርጽ እየተደጋገመ ወደ ላይ ይወጣል።

ሦስተኛው የአፍሪካ ቅርጻ ቅርጽ ነው፤ ለኛ አንባቢዎች የበለጠ ሊያነጋግር የሚገባውም ይህ ይመስለኛል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የፓሪስ አርቲስቶች በቅኝ ግዛት መንገድ የመጡ ጭምብሎችንና ምስሎችን በሙዚየምና በነጋዴ ቤት ያዩ ነበር። የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ ጠራቢዎች የሰውን አካል በጥቂት ጠንካራ ቅርጾች መግለጽ ከጀመሩ ዘመናት አልፈዋል። ከ1913 ገደማ ጀምሮ ብራንኩሺ በእንጨት በሠራቸው ሥራዎች ላይ ይህ ተጽዕኖ ጎልቶ ይታያል። እሱ ግን ኋላ ላይ መመሳሰሉን ሳይወደው ቀረ፤ ከነዚህ ሥራዎች የተወሰኑትንም ራሱ አጠፋቸው።

የሮማኒያውን ምንጭ የሚያስቀድሙ ሰዎች አፍሪካ ያሳየችው መንደሩን እንደገና እንዲያይ ነው ይላሉ። ሌሎቹ ይህ አነጋገር ዕዳን ማቅለል ነው ብለው ይከራከራሉ። ሁለቱም ማስረጃ አላቸው። አንድ ነገር ግን ለክርክር አይቀርብም። ብራንኩሺ ስም፣ ፊርማና የጨረታ ዋጋ አለው። ያ ጭምብል ግን ጠራቢው ማን እንደሆነ ማንም ሳይጠይቅ ነው ከሀገሩ የወጣው። ስለ ዘመናዊ ቅርጽ «ፈጠራ» ስንጽፍ ይህን መዝለል ታሪኩን ግማሽ ያደርገዋል።

ቲርጉ ዢው፦ ከተማ የሚያቋርጥ ሥራ

ዩኔስኮ የመዘገበው ሥራ የተጀመረው በሐዘን ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በ1916 በዢው ወንዝ ዳር ከባድ ውጊያ ተደርጓል። በአሬቲያ ታታረስኩ የሚመራው የጎርዥ ክፍለ ሀገር የሴቶች ማኅበር ለወደቁት መታሰቢያ እንዲሠራለት ብራንኩሺን ጠየቀ። ሥራው በኦክቶበር 1938 ተመረቀ።

በጦርነት መታሰቢያ ላይ የምንጠብቀው ይታወቃል፦ ወታደር፣ ጠመንጃ፣ ፈረስ፣ ባንዲራ። እዚህ አንዱም የለም። በወንዙ በኩል ክብ የድንጋይ ጠረጴዛ በ12 መቀመጫዎች ተከቧል፤ «የዝምታ ጠረጴዛ» ይባላል። ጥቂት ራቅ ብሎ «የመሳም በር» ቆሟል። በ1907 የጀመረው የሁለት ሰዎች መሳም እዚህ በበሩ ቋሚዎች ላይ ወደ ክብ ምልክትነት ተቀይሯል። ከበሩ የሚነሳው መንገድ በከተማው መሐል፣ በቅዱስ ጴጥሮስና ጳውሎስ ቤተ ክርስቲያን በኩል አልፎ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዝና ዓምዱ ጋ ይደርሳል።

ዓምዱ ከ29 ሜትር በላይ ቁመት አለው። 15 ሙሉ ቁራጮች ተደራርበው፣ ከታችና ከላይ ደግሞ ግማሽ ግማሽ አለ። ላይኛው ግማሽ ላይ መቆሙ ሆን ተብሎ ነው። ዓይን የቀረውን ግማሽ ራሱ ይቀጥለዋል። የአንዱ ቁራጭ ቁመት 180 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ስፋቱ በሰፊው ቦታ 90፣ በጠባቡ 45። እያንዳንዱ የሌላው እጥፍ ነው። መሐንዲሱ ሽቴፋን ጆርጄስኩ ጎርዣን በመሐል የብረት አከርካሪ አቆመ። ቁራጮቹ በፔትሮሻኒ ወርክሾፕ ተቀልጠው ወጡና እንደ ዶቃ በአከርካሪው ላይ ተሰኩ። ብራንኩሺ «ማለቂያ የሌለው» ሲል ያሰበውን መሐንዲሱ በነፋስና በክብደት ስሌት አቆመለት።

ሁሉም ሰው አልወደደውም። በኮሚኒስቱ ዘመን የብራንኩሺ ሥራ ለሕዝብ የማይገባ የቅርጽ ጨዋታ ተብሎ ተነቅፏል። በ1950ዎቹ ዓምዱን ለመጣል ተሞክሮ እንደነበርም ይነገራል። በኋላ ሀገሪቱ የልጇን ስም መልሳ አነሳች። ዓምዱ በ1990ዎቹ መጨረሻ በስፋት ታድሷል።

ጉምሩክ የወጥ ቤት ዕቃ ያለው ወፍ

በኦክቶበር 1926 አንዲት መርከብ ኒው ዮርክ ደረሰች። የብራንኩሺን ሥራዎች ለዐውደ ርእይ ጭናለች። አብሮ የመጣው ጓደኛው አርቲስቱ ማርሴል ዱሻን ነው። ከሥራዎቹ አንዱ «ወፍ በጠፈር» ሲሆን ፎቶ አንሺው ኤድዋርድ ስታይከን ገዝቶታል።

በ1922ቱ የአሜሪካ የታሪፍ ሕግ የሥነ ጥበብ ሥራ ከቀረጥ ነጻ ነው። የጉምሩክ ሠራተኞቹ ሳጥኑን ሲከፍቱ ግን ያዩት የተወለወለ ብረት ነው። ከብረት የተሠሩ ዕቃዎች፣ ማለትም የወጥ ቤትና የሆስፒታል መገልገያዎች ከሚመደቡበት ክፍል አስገቡት። ቀረጡ 40 በመቶ ነው። 600 ዶላር በተገመተው ዕቃ ላይ 240 ዶላር መጣ። ከገንዘቡ ይልቅ ፍረጃው ከበደ። ሀብታሟ ቀራጺ ገርትሩድ ቫንደርቢልት ዊትኒ የጠበቃውን ወጪ ሸፈነች፤ ብራንኩሺ የአሜሪካን መንግሥት ከሰሰ።

መንግሥት በእጁ ጠንካራ ካርድ ነበረው። በ1916 የተሰጠ አንድ ፍርድ ቅርጻ ቅርጽን የተፈጥሮን ነገር በትክክለኛ መጠኑ የሚመስል ሥራ ብሎ ተርጉሞታል። ወፉ ወፍ ካልመሰለ ቅርጻ ቅርጽ አይደለም ማለት ነው።

ስታይከን ለምስክርነት ቀረበ። ዳኛው ይህን ምን ትለዋለህ አሉት። ቀራጺው እንዳለው ወፍ እለዋለሁ አለ። ወፍ ይመስልሃል? አይመስልም፤ ወፍነቱ ግን ይሰማኛል አለ። ጫካ ውስጥ ብታየው ትተኩስበታለህ? አልተኩስም አለ።

ቀራጺው ጄኮብ ኤፕስታይን ደግሞ በሺህ የሚቆጠሩ ዓመታት ያስቆጠረ የግብፅ የድንጋይ ጭልፊት ይዞ ቀረበ። ላባውም እግሩም በደንብ አይታይም። ማንም ግን ጥበብ መሆኑን አይክድም። ለማለት የፈለገው ግልጽ ነው፦ ይህ አዲስ ብልግና ሳይሆን ጥንታዊ መንገድ ነው። አንድ ጎበዝ መካኒክ ይህን ሊሠራው አይችልም ወይ ተብሎም ተጠየቀ። ሊወለውለው ይችላል፤ ሊያስበው ግን አይችልም አለ። የመንግሥት ምስክር የነበረው ቀራጺ ሮበርት ኤትከን በበኩሉ ሥራው ውበት የለውም ብሎ መሰከረ።

ብራንኩሺ ቃሉን ፓሪስ ሆኖ ሰጠ። ነሐሱ ከተቀለጠ በኋላ በሞረድ ያስተካከለውና የወለወለው በገዛ እጁ እንደሆነ አስረዳ።

በኖቬምበር 26፣ 1928 ፍርዱ ተሰጠ። ዳኛ ዌይት የተፈጥሮን ነገር ከመምሰል ይልቅ ረቂቅ ሐሳብን ለመግለጽ የሚሞክር አዲስ የጥበብ ፈለግ መነሳቱን ተቀበሉ። ብንወደውም ባንወደውም መኖሩን ማወቅ አለብን አሉ። ወፉ ከቀረጥ ነጻ ገባ።

ችሎቱ ያልፈታው

ይህ ፍርድ ብዙ ጊዜ የዘመናዊ ጥበብ ድል ተብሎ ይተረካል። ድል መሆኑ አይካድም። መምሰል ግዴታ አለመሆኑን በሕግ አስቀምጧል። ግን ፍርዱን ቀረብ ብሎ ያነበበ ሰው ሌላ ነገርም ያያል። ዳኛው ሥራው ውብና የተመጣጠነ፣ ለዓይን ደስ የሚል፣ ከጌጥነት ሌላ ጥቅም የሌለው፣ በባለሙያ ቀራጺ የተሠራ ስለሆነ ነጻ ይግባ አሉ። ስለ አዲሱ ሐሳብ ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናገሩ፤ ፍርዱን ያሳረፉት ግን በውበቱና በእጅ ሥራው ላይ ነው።

ወፉ ስለ አማረ አለፈ። የማያምር ቢሆንስ? በእጅ ያልተሠራ ቢሆንስ? ከሱቅ የተገዛ ዕቃ ቢሆንስ? እዚህ ላይ ጥያቄው ክፍት ቀረ። እኔ የዛሬው ግራ መጋባት ከዚህ ክፍተት የመጣ ይመስለኛል። ሰው አሁንም «ያምራል ወይ? ለፍቶበታል ወይ?» ብሎ ነው የሚጠይቀው። በብራንኩሺ ዘንድ ለሁለቱም መልሱ አዎ ነው። ከሱ በኋላ በመጡት ዘንድ ግን እንደዚያ ላይሆን ይችላል።

ማስረጃው ሩቅ አይደለም። አሜሪካዊው ዳን ፍላቪን ከሱቅ በሚገዛ የፍሎረሰንት መብራት ይሠራ ነበር። እሱም ብራንኩሺን ያከብር ነበር፤ በ1963 ግድግዳ ላይ በሰያፍ ያስቀመጠውን የመጀመሪያውን አንድ መብራት ከማለቂያ የሌለው ዓምድ ጋር አያይዞ ለብራንኩሺ መታሰቢያ አድርጎታል። በ2006 አንድ የለንደን ጋለሪ የፍላቪንንና የቪዲዮ አርቲስቱን የቢል ቪዮላን ሥራዎች ወደ ብሪታንያ አስገባ። ጉምሩክ ቅርጻ ቅርጽ አይደለም፣ መብራትና ፕሮጀክተር ነው አለ። በ2008 የታክስ ጉዳይ ችሎት ለጋለሪው ፈረደ። በ2010 ግን የአውሮፓ ኮሚሽን ደንብ አውጥቶ ነገሩን ቀለበሰው። በደንቡ መሠረት ጥበብ የሚባለው ከመብራቱ የሚወጣው የብርሃን ውጤት ነው፤ ዕቃው ራሱ የመብራት ዕቃ ነው። ከ80 ዓመት በላይ ቆይቶ ወፉ ወደ ወጥ ቤት ዕቃው መደርደሪያ ተመለሰ ማለት ይቻላል።

ለጉምሩክም ፍትሐዊ እንሁን። ሠራተኛው በር ላይ ቆሞ ሐሳብ መመዘን አይችልም። የሚያየው ዕቃ፣ ቁስና ደረሰኝ ነው። ሕጉ ልል ከሆነ ማንም ነጋዴ አምፖሉን ጥበብ ነው ብሎ ያሳልፋል። ግን ያው ባለሥልጣን ቀረጡን ሲያሰላ እንደ ተራ አምፖል ዋጋ አይቀበለውም፤ በጥበብ ገበያው ዋጋ ይገምተዋል። ለዋጋው ጥበብ፣ ለምደባው አምፖል። ይህ ነው የማይዋጥልኝ።

ስለ ሚሊዮኖቹ

በ2005 አንድ የእብነ በረድ «ወፍ በጠፈር» ኒው ዮርክ ላይ በ27.5 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። በ2018 ደግሞ አንዲት ወጣት ሴትን የሚያሳየው የነሐስ ሥራው 71 ሚሊዮን ዶላር አወጣ። ሰው ይህን ሲሰማ «ሐሳቡ ነው ወይስ ማጭበርበሩ?» ብሎ ይጠይቃል።

ዋጋው የሚናገረው በዋናነት ስለ እጥረት ነው። ብራንኩሺ ፋብሪካ አልነበረም። አንዱን ርእስ ለዓመታት ይመላለስበታል፣ አንዱን ገጽ ሲወለውል ይከርማል። ሥራዎቹ ጥቂት ናቸው፤ የሚበዙትም ሙዚየም ገብተው ገበያ ላይ አይወጡም። ሲሞት ደግሞ ስቱዲዮውን ከነሙሉ ዕቃው ለፈረንሳይ መንግሥት ተናዟል። ስለዚህ አንድ ሲወጣ ባለሀብቱ ሁሉ ይሻማል። ይህ የሥራውን ትልቅነት አያረጋግጥም፤ ትንሽነቱንም አያሳይም። በ1926 በ600 ዶላር ሲገመትም ያው ወፍ ነበር።

ከመቃብር ላይ ይነሳ አይነሳ

የመጨረሻው ጉዳይ ከሁሉም የቅርብ ነው፤ ብራንኩሺ ስለ ቦታ የነበረውን ሐሳብም በደንብ ያወጣዋል። እሱ ለቅርጹ መቆሚያ የሚሆነውን ድንጋይና እንጨት ራሱ ይጠርብ ነበር። መቆሚያው የሥራው አካል ነው ብሎ ያምናል። በስቱዲዮው ውስጥ አንዱ ቅርጽ ከሌላው ያለው ርቀት ሳይቀር ያሳስበው ነበር። በእርጅናው አንዱ ሥራ ተሽጦ ሲወጣ ክፍተቱን በጀሶ ቅጂ ይሞላዋል።

በ1910 ፓሪስ ውስጥ አንዲት ሩሲያዊት ወጣት ሕይወቷን አጠፋች። ፍቅረኛዋ የነበረው ሐኪም የብራንኩሺ ወዳጅ ነው። በሱ በኩል ከ«መሳም» ሥራዎች አንዱ፣ ሁለቱ ሰዎች ሙሉ ቁመታቸው የሚታይበት፣ በሞንፓርናስ መካነ መቃብር በወጣቷ መቃብር ላይ ቆመ። ለዘጠና ምናምን ዓመት ማንም ብዙ አላስተዋለውም። የጨረታ ዋጋው ሲሰማ ግን የወጣቷ ቤተሰብ ወራሾች ሥራውን ከመቃብሩ አንስተው ከሀገር ለማስወጣት ጠየቁ። መንግሥት በ2010 መቃብሩን ከነቅርጹ በታሪካዊ ቅርስነት መዘገበ። ክሱ ቀጠለ፤ ቅርጹም በእንጨት ሳጥን ተሸፈነ።

የሕጉ ጥያቄ እንዲህ ነው። ቅርጹ ተንቀሳቃሽ ንብረት ከሆነ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ሊመዘገብ አይችልም። የማይንቀሳቀስ ከሆነ ግን ይቻላል። ወራሾቹ ቅርጹ ከሞቷ በፊት የተሠራ ነው፣ በኋላ ነው የተቀመጠው፣ ስለዚህ ይነሳል አሉ። መንግሥት ቅርጹ ከነቋሚ ድንጋዩ ለመቃብሩ የተደረገ አንድ ሥራ ነው አለ። የይግባኙ ፍርድ ቤት በ2020 ለወራሾቹ ፈረደ። የፈረንሳይ የአስተዳደር ጉዳዮች የበላይ ፍርድ ቤት ግን በጁላይ 2, 2021 ቀለበሰው፤ ቅርጹና መቃብሩ የማይነጣጠሉ ናቸው፣ በባሕርዩ የማይንቀሳቀስ ንብረት ነው አለ።

የወራሾቹ ቅሬታ ቀላል አይደለም። በቤተሰባቸው መቃብር ላይ ያለ ንብረት ነው፤ መንግሥት ደግሞ ሳይገዛው ሊያዝበት ችሏል። በሌላ በኩል ቅርጹ ተነስቶ ቢሄድ መቃብሩ ላይ የሚቀረው ባዶ ቋሚ ድንጋይ ነው። ፍርዱ ከዚህ አንድ መቃብር አልፎ ይሄዳል። በፈረንሳይ መቃብሮች ላይ የታወቁ ቀራጺያን የሠሯቸው ብዙ ሥራዎች አሉ። ከአሁን በኋላ አንዱን ለመሸጥ የሚያስብ ቤተሰብ፣ ሥራው ለቦታው ታስቦ የቆመ ከሆነ፣ በመሮ ቢነቀልም ባይነቀልም መጀመሪያ ይህን ፍርድ ያገኛል።